የኮረሪማው ዘይት ምርመራ

የዚያን ቀን ጂንካ፣ ልጄ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የነበርነው ልጄ፣ የዘይት መመርመሪያውን ማሽን ሊያይ የመጣው ቴክኒሻንና እኔ ነን። ልጄ የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው ከጓሯችን በሰበሰብኩት ኮረሪማ ዘይት ላይ ነበር። ዘይቱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ መውረድ ያለበት መስመር ግን ሲወርድ ጭራውን ይጎትታል። ካልተስተካከለ አትመረቅም።

«ኮረሪማውን በደንብ ሳላደርቀው ቀርቼ ይሆን?» አልኩ።

ቴክኒሻኑ ለመፈተሻ የተቀመጠ ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ ጨመረበት። የእሱም መስመር ጭራውን ጎተተ።

«የእርስዎ ኮረሪማ ጥፋት የለበትም፣ እናቴ» አለና ከማሽኑ ውስጥ ክር የመሰለ ቱቦ አወጣ። መቁረጫ ሲያነሳ ጮህኩ።

«አይፍሩ፣ የቆሸሸው ጫፉ ብቻ ነው። የምቆርጠው ቱቦውን እንጂ ልጅዎን አይደለም!»

ቆርጦ መለሰው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀጥ ብሎም ወረደ።

ልጄ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ቴክኒሻኑ ግን ከጂንካ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፋብኝ። ኮረሪማ አስቀምጬለታለሁ፤ ያለበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።