ለሰላም ኮምፒውተር ኬዝ ፍለጋ የሄድኩበት ቀን

ጠዋት፣ ከቱላ ስነሣ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ስወጣ ልጄን ሰላምን ዋሽቻት ነው የወጣሁት። "ታቦር ለቅሶ ልደርስ ነው" አልኳት። የምሄደው ግን ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ የኮምፒውተር ኬዝ ልገዛ ነበር። ኬዝ የሚባለው የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ የሚገባበት ሣጥን ነው፤ ስሙን እኔም የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። እውነቱን ብነግራት "ተይው እማ፣ ያለሱም ይሠራል" ብላ ታስቀረኛለች። እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

ሰላም ዲፕሎማዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጋ አጣች። በኋላ አንዱን ዕቃ ከጓደኛዋ፣ አንዱን ከጥገና ቤት እየለቃቀመች ራሷ ኮምፒውተር ገጣጠመች። የሰው ማመልከቻና የተማሪ ወረቀት እየተየበች ለቤታችን ገንዘብ ማስገባት ጀመረች። ሣጥን ግን የለውም። ሰሌዳው በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተዘርግቶ፣ ሽቦው እንደ በግ አንጀት ተዘርግፎ፣ ማራገቢያው በግላጭ ይሽከረከራል። ማብሪያም የለው። በካቻቢቴ ጫፍ እሾህ የሚያክሉ ሁለት ነገሮች ታነካካና እያጉረመረመ ይነሣል። በነካካች ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ባሌን የገደለው ኮረንቲ ነው። ታደሰ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የምንኖረውም እዚያው ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰላም ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክረምት ነበር። እግሩ እንደ ረጠበ፣ እንደ ሁልጊዜው የወፍጮውን ብረት ደገፍ ቢል ያዘው። አንዳንዱ ቀኑ ደርሶ ነው አለ። አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። ባለ ወፍጮው ደግሞ "በእርጥብ እግሩ ማን ግባ አለው?" አለ። ከአርባው በኋላ ግቢውን ልቀቂ ተባልኩና ዕቃዬን የልብስ ማስጫ ሽቦዬን ሳይቀር ጠቅልዬ አሁን ያለንበት ቤት ገባን። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ብረትና መብራት አንድ ላይ ሳይ እሸሻለሁ።

ስለዚህ በልቤ የያዝኩት የእንጨት ሣጥን ነበር። እንጨት አይነዝርም። ከሁለት ቀን በፊት ሰላም ገበያ ስትወጣ ሶኬቱን ነቅዬ ሰሌዳውን በክር ለክቼዋለሁ። ለርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ። ተነቅሎም ፈራሁትና ሳልነካው፣ ከላይ ከላዩ፣ ሬሳ እንደሚለካ ለካሁት። ክሩን በጡቴ ሥር፣ ከዕንቁላል ያጠራቀምኩትን ሁለት መቶ ብር በመቀነቴ ይዤ ነው የወጣሁት።

መንገዱ ጨቅይቶ ነበር። ሚኒባሱ ሦስት ብር ነው። ረዳቱ "ሐዋሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!" እያለ አምስት ሰው ጫነ። አጠገቤ የተቀመጠች ቆጮ የያዘች ሴት፣ "አንተ ልጅ፣ ይኼ ስንተኛው አንድ ነው?" ብትለው፣ "እናቴ፣ ፍቅር ካለ ይበቃል" አላት። "ፍቅሩ ለአንተ፣ ጉልበቱ ለኔ" አለችው። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰላም አሁን ካቻቢቴውን አንሥታ ይሆን እያልኩ ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ ፒያሳ

መናኸሪያ ወርጄ በአንድ ብር ባጃጅ ፒያሳ ደረስኩ። ካፊያ ጀምሯል። የመስታወት በር ያለው የኮምፒውተር ሱቅ አየሁና ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ፤ ጫማዬ ጭቃ ነው። በሦስተኛው ገባሁ። የምትሸጠው ልጅ ሰላምን ታክላለች።

"ኬዝ ፈልጌ ነበር።"

"የስልክ ነው ማዘር?"

"የኮምፒውተር። ልጄ ራሷ ገጣጥማ ነው።"

"ምን ዓይነት?"

"ርካሽ።"

ሳቋን ዋጠችው። አንዱ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ ጎኑ መስታወት የሆነ ነው፤ ሰባት መቶ ብር። ሌላው ጥቁር ተራ ነው፤ አራት መቶ ሃምሳ። ክሩን ሳወጣ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልኩ ነው።"

"ማዘር፣ ለኮምፒውተሩ ሱሪ ሊያሰፉለት ነው?"

ብትስቅም ክሩን ተቀብላ ጥቁሩ ውስጥ ዘረጋችው። ልክ ሆነ። "ይገርማል፣ በአንድ ጣት እንኳ አልተሳሳቱም" አለችኝ። እጄን አስገብቼ ውስጡን ስዳብስ ቆርቆሮው ምላጭ ሆኖ ጣቴን ሸረከተኝ። ልጅቷ ደንግጣ ሶፍት ሰጠችኝ። "ርካሹ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ጠርዙን አይሞርዱትም፤ ልጅዎ ስትገጥም ትጠንቀቅ" አለች። እንዳቅሜ እንዳልሆነ ገብቷታል መሰለኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ ከድር የሚባሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰው እንዳሉ ነገረችኝ። እግዜር ይስጣት። የሚደማ ጣቴን በሶፍት ይዤ ወጣሁ።

አምስት ሰዓት፣ አቶቴ

ወደ ጋሽ ከድር ከመሄዴ በፊት አቶቴ ሰፈር አንድ እንጨት ቤት ገባሁ። ቁም ሣጥንና አልጋ የሚሠራ ሰውዬ ነው፤ ጺሙ በሰጋቱራ ነጥቷል። ክሩን አሳየሁት።

"ለኮምፒውተር? እንግዲያ ኮሞዲኖ ልሥራልሽ፣ ሲበላሽ ልብስ ታስቀምጭበታለሽ።"

"አይነዝርም አይደል?"

"እንጨት ማንን ነዝሮ ያውቃል እህቴ? መቶ ሃያ ብር ስጪኝና ከሰዓት ውሰጂ።"

የተላገውን ጣውላ ዳበስኩት። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ከወጣሁ ጀምሮ ልቤ አረፍ ያለው ያኔ ብቻ ነው። ብሩን ልፈታ እጄን መቀነቴ ላይ አድርጌ ሳለ፣ ሰላም ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ "የብረት ኬዝ ባገኝ" ማለቷ ትዝ አለኝ። ለምን ብረት አለች? ለሚያውቅ ሰው ጠይቄ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ያን ጊዜ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ቤቴ የምገባው ሳላውቅ ነበር። አለማወቁ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

መንገድ ላይ ሁለት ሳምቡሳ በሻይ በላሁ። አራት ብር።

ሰባት ሰዓት፣ ጋሽ ከድር ዘንድ

የጋሽ ከድር ሱቅ በር ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፣ ከስልጤ ነው የመጡት። ከሶላት መመለሳቸው ነው፤ እጅጌያቸው እንደ ተጠቀለለ ነው። ለልጄ ኮምፒውተር የእንጨት ሣጥን ባሠራ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንጨት? እሳት ልታነጂበት ነው?"

"ኮረንቲ አይዝም ብዬ ነው ጋሼ።"

"አይዝም። ግን ሙቀት ያፍናል። ደግሞ መብራቱን የሚቀበለው ዕቃ ራሱ ብረት ነው። በእንጨት ብትሸፍኚው ከዓይንሽ ይሰወራል እንጂ ልጅሽን አያድናትም።" የኮምፒውተር ገመድ አንሥተው ሶኬት ውስጥ የሚገባውን ጫፉን አሳዩኝ። "እግሩን ቁጠሪ።"

"ሦስት።"

"ሁለቱ መብራት ያመላልሳሉ። ሦስተኛው ሥራ የለውም። ዘበኛ ነው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከብረቱ ሣጥን ተነሥቶ መሬት ይገባል። ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በሱ በኩል መሬት ይወርዳል እንጂ በሰው ውስጥ አያልፍም። የኛ ሰው ግን ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ሲሆንበት 'ይኼ ምንም አይሠራ' ይልና በፒንሳ ይቆርጠዋል።"

"ወፍጮም እንዲህ አለው?" አልኳቸው። ለምን እንደ ጠየቅኩ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ።

"ሞተር ያለው ሁሉ አለው። ወፍጮ ቤት አላየሽም? በግድግዳው ሥር ራቁቱን መዳብ ወርዶ መሬት ይገባል።"

አይቻለሁ። ያንን ሽቦ አውቀዋለሁ።

ታደሰ በሞተበት ዓመት ሰኔ ላይ የልብስ ማስጫ ገመዴ ተበጠሰብኝ። የታጠበ ልብስ በእጄ ይዤ ግቢው ውስጥ ስዞር፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ወርዶ አፈር ውስጥ የገባ ወፍራም ሽቦ አየሁ። ጫፉ የትም አይደርስም። ግንበኛ የተወው ትርፍ ነው አልኩ። በዶማ ቆፍሬ ነቀልኩት፣ ከላይ በታደሰ ፒንሳ ቆረጥኩት። ታደሰ ለምሳ ሲመጣ ሸሚዞቹ ተሰጥተው አየና "ጎበዝ! ከየት አገኘሽው?" አለኝ። "ወድቆ" አልኩት። እሱ መፍጨት እንጂ የሽቦ ነገር አያውቅም። ሐምሌን አልጨረሰም።

"ሽቦው ቢቆረጥስ?" አልኳቸው ጋሽ ከድርን።

"ከተቆረጠማ ብረቱ ወጥመድ ነው። ቀኑን ይጠብቃል።"

በርጩማ አምጥተው አስቀመጡኝ። "አሞሻል እንዴ? ጾመሽ ነው?" አሉ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጨብጬው ቀረሁ። ለማላውቃቸው ሰው ምን ብዬ ልንገር?

ከዚያ የሆነውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ፣ የገረጣ የብረት ኬዝ አመጡ። አንድ ጎኑ ክዳን የለውም። ክሩን ዘረጉበት፤ ልክ ነው። ማብሪያውን ተጭነው አሳዩኝ፤ ይሠራል። ጠርዙን አስነኩኝ፤ አይቆርጥም፣ የድሮ ቆርቆሮ ወፍራም ነው። ክዳን የሌለውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ግን አታስጠጉት አሉ። "ዳንቴል እንዳታለብሺው ደግሞ! ሴቶች ስትባሉ ይተነፍሳል አትሉም።" መቶ ሃምሳ ብር ነው ብለው፣ ሳልከራከራቸው ራሳቸው አሥር ብር ቀነሱ። ቤቴ ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ መሆኑን ስነግራቸው፣ የብረት ዘንግ መሬት ቀብረን ከሣጥኑ ጋር በወፍራም መዳብ እንድናስረው አስረዱኝ። መሬቱ እንዳይደርቅ ውሃ ይጠጣ አሉ።

"መዳቡ ግን ዛሬ ውድ ነው። ቤትሽ አሮጌ ካለ ተመልከቺ።"

"አለኝ" አልኩ።

ወደ ቤት

ሚኒባሱ ለኬዙ የአንድ ሰው አስከፈለኝ። ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ብረቱ በቀሚሴ አልፎ ይቀዘቅዘኛል። ዝናቡ ጠንክሮ መስኮቱ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ መንገድ ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

አሥር ሰዓት ላይ ስገባ ሰላም በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ ኬዙን አየችው።

"እማ፣ ለቅሶ ቤት ኬዝ ያድላሉ እንዴ?"

"ለቅሶውም ነበር" አልኳት።

አቅፋኝ ሳቀች። ወዲያው መግጠም ጀመረች። ብሎኖቹ ሁሉ ቦታቸውን አገኙ። ካቻቢቴውን አስቀምጣ በጣቷ ማብሪያውን ስትጫን እንደ ሕፃን እልል አለች። ከዚያ እጇን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ፣ "ትንሽ ይነዝራል፣ ሁሉም እንዲህ ነው" አለች።

ሶኬቱን መንጭቄ ነቀልኩት። ውጭ ወጥቼ የተሰጣውን፣ ዝናብ የመታውን ልብስ አጥሩ ላይ ጣልኩና የልብስ ማስጫውን ሽቦ ከሁለቱም ምሰሶ ፈታሁ። ስምንት ዓመት የሰላምን ዩኒፎርም፣ የራሴን የሐዘን ልብስ የተሸከመ ሽቦ ነው። ከመስኮቱ ሥር ከግቢ ያገኘሁትን የብረት ዘንግ በድንጋይ ቀጥቅጬ ቀበርኩ። አንዱን ጫፍ እሱ ላይ ጠመዘዝኩ፣ ሌላውን በመስኮት ሰጠኋት። "ማን ነገረሽ ይኼን?" እያለች ከሣጥኑ ጋር አሰረችው። እንደገና ሲነሣ መዳፌን አስቀመጥኩበት። ዝም አለ። ለብ ያለ ብረት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በበጋ በየሁለት ቀኑ አንድ ጆግ ውሃ ከዘንጉ ሥር አፈሳለሁ። ሰላም "እማ፣ ብረት ልታበቅዪ ነው?" እያለች ትስቃለች።

የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት "የሄዳችሁበትን መንገድ ጻፉልን፣ በመጽሔታችን እናወጣዋለን" ሲል፣ እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት የሄድኩበት ሌላ መንገድ የለኝምና ይኼን ጻፍኩ። ልጁ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ካለ፣ ርካሽ ኬዝ አያሳፍርም፤ ልኩን በክር ውሰዱ፣ ጠርዙን ዳብሱ፣ ማብሪያውን ሞክሩ። ሦስተኛውን እግር ግን አትቁረጡ። ከግድግዳ ወርዶ መሬት የገባ ሽቦ ብታዩ፣ ትርፍ ነው አትበሉ። ታደሰን ቀኑ ደርሶ ነው ያላችሁኝ ጎረቤቶቼም ስሙ። የሰውም ዓይን አልነበረም።

የመጽሔቱን ጽሑፍ ሁሉ የምትተይበው ሰላም ናት። በአፌ ልነግራት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት፤ ስለዚህ ደብተሩን ሰጠኋት። ሰላም፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ እጅሽን ከመጻፊያው አንሥተሽ ሣጥኑን ንኪው። አይነዝርም። ከዚያ የምትዪኝን ለማለት ውጪ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ነኝ።