ሳልናገር የተቆረሰው ድፎ

ባለፈው ሳምንት እናንዬ ከዳንግላ ደወለችልኝ። ሦስተኛ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ከጀርባዋ የባጃጅ ጥሩንባ እየጮኸ፣ የምትለውን ግማሹን እየገመትኩ ሰማኋት። መጨረሻ ላይ «ድፎውን እንግዲህ አንቺ ነሽ ጋግረሽ የምታመጪልኝ» አለች። «እማዬ እንደሆነች ከሠርጌ ወዲህ ድፎ ነክታ አታውቅም። እጇ ደክሟል።»

«እሺ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን ባሕር ዳር ከምሠራበት ዳቦ ቤት ጓሮ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። እናንዬ «እማዬ» የምትላቸው ሴት እጃቸው አልደከመም። ያን ጊዜም አልደከመም ነበር። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም አልተናገርኩም።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር የምግብ ዝግጅት ሠልጥኜ እንደ ጨረስኩ ዳንግላ አንድ ሆቴል ዳቦ ጋጋሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ነጭ ጋውንና ነጭ ቆብ ስለ ሰጡኝ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ወደ ሥራ ስሄድ የጋሪ ፈረሶች ከአፍንጫቸው እንፋሎት እየተፉ፣ ከገጠር የመጣ ከሰልና ገብስ ጭነው ያልፉኛል፤ እኔም አቧራው ጋውኔን እንዳይነካው ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ዳቦ ጋጋሪ ከዱቄት የተረፈውን ልብስ ከአቧራ ይጠብቃል?

የተከራየሁት ክፍል እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ዘነቡ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የተወለዱት በፋግታ ገጠር ስለሆነ ከገበያ ሴቶች ጋር በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እናንዬ የክርስትና ልጃቸው ናት፤ እናቷ በሕፃንነቷ ስትሞት ወስደው እንደ ልጅ አሳደጓት። እኩያዬ ነበረች።

እትዬ ዘነቡ በሰፈሩ የታወቁት በድፎ ዳቦ ነው። ሠርግ ያለው፣ ክርስትና ያለው፣ ማኅበር የደረሰው ሁሉ ስንዴ ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ እሳቸው ይመጣል። ምድጃቸው አጠገብ አፏ በጨርቅ የታሰረች አንዲት ትንሽ ምንቸት ነበረች፤ እርሾው እዚያ ውስጥ ነው። በጋገሩ ቁጥር ከሊጡ ጥቂት ያስቀራሉ፣ ለሚቀጥለው ያቆዩታል። ሲያገቡ አማታቸው የሰጧቸው እርሾ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተቋርጦ አያውቅም። ማታ አቡክተው ቡሃቃው ውስጥ ያሳድሩታል፤ ንጋት ላይ የኮባ ቅጠል ምጣዱ ላይ ያነጥፉና ሊጡን ይገለብጡበታል፤ እንደገና በኮባ ይሸፍኑና ከታችም ከላይም እሳት ያደርጉለታል። ሲበስል የኮባው ሽታና የጥቁር አዝሙዱ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አጥር አልፎ ይሄድ ነበር። የውስጡን ነገር ምን ልበላችሁ! ጎምዘዝ የሚል፣ ሲቆርሱት የማይፈረፈር፣ በሦስተኛው ቀን ይበልጥ የሚጣፍጥ ዳቦ ነበር።

እኔ ደግሞ በፓኬት እርሾ ነበር የተማርኩት። በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል፣ በሁለተኛው ሰዓት ከምድጃ ይወጣል። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎረቤቱ ሲሰበሰብ የራሴን ዳቦ ጋግሬ አቀረብኩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ጨብጠው ጨብጠው ለቀቁትና ተመልሶ ሲነፋ አይተው «ይቺስ ዳቦ ናት ወይስ ፍራሽ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ ዘነቡ ብቻ አልሳቁም። የደረሳቸውን አንድም ሳያስቀሩ በልተው «ጎበዝ ናት ልጄ፤ ገና እጇ ይገራል» አሉ። ደግነት ነበር። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ «ገና» የምትለዋን ቃል ያዝኩ። ዲፕሎማ ላላት ሴት!

ጥር ላይ እናንዬ ተዳረች። ሠርጉ እሑድ ሆነ፤ መልሱ ለሚቀጥለው እሑድ፣ በእትዬ ዘነቡ ቤት ተቀጠረ። በመካከሉ አዲስ ቅዳም ከተማ ያሉ ዘመዳቸው አረፉና ለለቅሶ ሦስት ቀን መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሲወጡ ሚኒባሱ እየጠበቃቸው እኔን ወደ ምድጃው ጠሩኝ።

«ማታ ማታ አንድ እፍኝ ዱቄት፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጨምሪበት። ከምድጃው እንዳታርቂው፤ ብርድ አይወድም። ለልጄ መልስ ነው፣ አደራሽን።»

«ግድ የለም እትዬ» አልኩ።

በማግስቱ ምንቸቷን ከፈትኩ። ላዩ ግራጫ ውሃ አቁሯል፤ እንደ ቆየ ጠላ ይሸታል። ረስቼው ቢሆን፣ ሳላውቅ አበላሽቼው ቢሆን ዛሬ ይህን ያህል አላፍርም ነበር። ነገር ግን አስቤበት ነው። እርሾውን ጓሮ ካለው ጌሾ ሥር ደፋሁት። ምንቸቷን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈገፈግኳት። ከዚያ ዱቄትና ውሃ ከሆቴል ካመጣሁት የፓኬት እርሾ ጋር በጥብጬ ሞላሁባትና በዚያው ጨርቅ አሰርኳት። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ዳቦው ያምራል፣ እንግዳው ሁሉ «እጅዎ ይባረክ» ይላቸዋል፣ ያን ጊዜ እኔ ብድግ ብዬ «የእኔ እርሾ እኮ ነው» እላለሁ። ፍራሽ ያሉኝ ሰዎች ፊት እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ብቻዬን ስቄያለሁ።

እትዬ ዘነቡ ዓርብ ተመለሱ። ምንቸቷን ከፍተው አሸተቱና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሽታው ቀሎብኛል። አጥበሽው ነበር እንዴ?»

«አይ እትዬ፤ እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት።»

«ብርዱ ይሆናል እንግዲህ። ወይስ ከጎረቤት እርሾ ላምጣ?» ብለው ለራሳቸውም ለእኔም የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ።

«ምን አስቸገረዎት፤ ደህና ነው» አልኳቸው።

ጎረቤት ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀር ነበር። እኔን አምነው ሳይሄዱ ቀሩ።

ቅዳሜ፣ የመልሱ ዱቄት ብዙ ስለሆነ ቀደም ብለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሙሉ አቦኩት። ከሥራ ስመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ሊጡ ቡሃቃውን ሞልቶ ክዳኑን ገፍቶታል። ይሄ ሥራዬ ነው፤ አንዴ አይቼ ነገሩ ገባኝ። የፓኬት እርሾ ቸኩሎ ይነሳል፣ ቸኩሎ ይወድቃል። አሁኑኑ ካልተጋገረ ለጠዋት አይተርፍም።

«እትዬ፣ ደርሷል መሰለኝ። አሁን ቢጋገርስ?» አልኩ።

«ኧረ ገና ነው ልጄ። የእኔ እርሾ አድሮ ነው የሚደርስ፤ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ» አሉ ፈገግ ብለው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። «ያ እርሾ የእርስዎ አይደለም» ብል ቢቆጡኝ ነው፤ እንጨቱን አቀጣጥለን እንጋግራለን፤ መልሱም ያምራል። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ዓርብ የዋሸሁት ውሸት ከፊቴ ቆመ። «እርስዎ ያውቃሉ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ጠዋት ሊጡ ሟሽሾ፣ ከቡሃቃው ግማሽ ወርዶ ተገኘ። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ውስጡ ከተው ቆዩ። ጮኸው ቢሰድቡ፣ ቢጠረጥሩኝ በተሻለኝ። «ኧረ እናቴ ማርያም» ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው። በቤት የቀረውን ዱቄት ጨምረው እንደገና አሹት፤ ጥቂት ጠበቁለት፤ ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ እንደዚያው ጋገሩት። እኔም ኮባውን እያቀበልኩ፣ ፍሙን እያስተካከልኩ ረዳኋቸው። ሲወጣ ቅርፊቱ ወርቅ ይመስል ነበር። ምናልባት ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

የሙሽራው ወገን እኩለ ቀን ላይ መጡ። ዳሱ ሞላ። ድፎው በሰፌድ ቀርቦ የሙሽራው አያት አባ ታመነ መረቁና ቢላዋ አነሱ። ቢላዋው እስከ ግማሽ ገብቶ ተያዘ። ሲያወጡት ነጭ ሊጥ ይዞ ወጣ። አባ ታመነ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቢላዋውን በዳቦው ጠርዝ ጠራርገው ከቅርፊቱ ትንሽ ቆረሱና «መልካም ነው፣ መልካም ነው» አሉ። ከኋላቸው ግን አንዲት ሴት «ለመልስ ጥሬ ዳቦ? ምልኪው አያምርም» ስትል ሁሉም ሰማ። እናንዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እትዬ ዘነቡ ተነሥተው ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እጄ አርጅቶ ሳላውቅ ልጄን አሳፈርኳት። ይቅር በሉኝ» አሉ።

እኔ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ የወጥ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ።

ዳቦዬን ፍራሽ ያሉት እኚያ ጎረቤት «ይቺ የሆቴሏ ልጅ ብትጋግረው ይሻል ነበር» አሉ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ፈገግ አልኩ። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እንደ ትሑት ሰው ፈገግ አልኩ። ከዚያ በጋሪ ወደ ሆቴል ልከውኝ በኮሮጆ ሙሉ ዳቦ አመጣሁ፤ እንግዳው በላ፣ አመሰገነኝ። ስመኘው የነበረው ሁሉ ደረሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ዱቄት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎም ቀረ። አንዳንዱ በእትዬ ዘነቡ በር አልፎ ወደ እኔ ክፍል ይመጣ ጀመር። እሳቸው በረንዳ ላይ ጥጥ እየፈተሉ «ግቡ፣ አለች» ይሉታል። አንድ ቀን ትልቁን ምጣድ ደጃፌ ላይ አቁመው «ውሰጂው ልጄ፤ ለአንቺ ይሆናል» አሉኝ። ወሰድኩት። እጄን ዘርግቼ ወሰድኩት! በዓመቱ ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። በየዓመት በዓሉ ስኳርና ሻማ ይዤ እጠይቃቸዋለሁ፤ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባለሁ፣ መርቀው ይሸኙኛል፣ ሳልናገር እመለሳለሁ።

እናንዬ በደወለች በማግስቱ መልሼ ደወልኩላትና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺ መሠረት! ለአንድ ዳቦ ነው አሥራ አንድ ዓመት የተብሰለሰልሽው? ይኸው ሦስት ወልጄ የለ እንዴ፣ የታለ ምልኪው!» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ለእማዬ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለእሷ ንገሪያታ» ብላ ዘጋችው።

እትዬ ዘነቡ ስልክ ሲያነሱ የአገሩን ሰላምታ ሁሉ ካላዳረሱ ወሬ አይጀምሩም። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ የባሕር ዳርን ሙቀት ጠየቁኝ። ሲጨርሱ ነገርኳቸው። ጌሾው ሥር መድፋቴን፣ ሳሙናውን፣ ዓርብ ዕለት የመለስኩላቸውን። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እኔ እኮ ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ምን በድዬ ይሆን እጄ በልጄ ቀን የከዳኝ ብዬ። ስግደት ሰጡኝ። ሰግጄ ጨረስኩት።»

እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ደጋገምኩ መሰለኝ። «በይ ደህና ዋይ» ብለው ስልኩን አስቀመጡት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ አልልሽም አላሉም።

ወጣት ሳለሁ ዝምታ የሚያስከፍለው ዝም ያለውን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስሸማቀቅ የኖርኩት እኔ ስለሆንኩ ዕዳውን እየከፈልኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንዲት ሴት ባልሠሩት በደል ጉልበታቸው እስኪዝል እንደ ሰገዱ ግን አላውቅም ነበር። ሊጥ ቢወድቅ ዱቄት ይጨመርበታል፤ የስግደት መመለሻው ምን እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም። እሑድ ለክርስትናው ዳንግላ እሄዳለሁ። ማኅበርተኛውም ጎረቤቱም እዚያ ይሆናል፤ ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ከነበሩት በሕይወት ያሉት ይመጣሉ። ተነሥቼ መናገር አለብኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።