ሰማያዊዋ ታጣፊ ብስክሌት

እኔ ተዋበች፣ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል መሰለኝ። ሱቄ አሁንም እዚያው አለ፤ የምደርስበት ነው ያጣሁት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሌ ፍቅርተማርያም ቢሮ ሲሄድ በብስክሌቱ ከኋላ አስቀምጦ ሱቄ ያደርሰኝ ነበር። ጉልበቴ ከተበላሸ ወዲህማ ሌላ እግር የለኝም። በባጃጅ ሂጂ ይሉኛል። ባጃጁ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ውሎ እያደረ በየትኛው ልሂድ? ታዲያ ባለፈው ወር ያቺን አሮጌ ብስክሌት ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ሰንሰለቷን ቆርጠው ወሰዷት። ጥበቃው ምንም አልሰማሁም አለ። ምን አደርገዋለሁ?

ፍቄ ከእንግዲህ ተጣጥፋ ሦስተኛ ፎቅ የማትወጣ ብስክሌት አልገዛም አለ። ቅዳሜ አብረን ብስክሌት ነጋዴው ሙሴ ጋ ሄድን። ሁለት ታጣፊዎች ነበሩት። ጥቁሯ በአንድ እጅ ትነሳለች፤ ከኋላ ግን መጫኛ የላትም። ሰማያዊዋ ከበድ ትላለች፤ ሰፊ መጫኛ ግን አላት። ተቀምጬ ሞከርኩትና «ይቺ ናት» አልኩ። ፍቄም «ሰኞ ከሥራ ስወጣ እወስዳታለሁ» አለ።

ሰኞ ጥቁሯን ተሸክሞ ገባ።

«ሰማያዊዋስ?»

«ተሸጠች። ሌላ ሲመጣ ሙሴ ይደውላል።»

«መጠበቅ አቃተህ? እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው፣ መሪው ላይ?»

እጁን ሊታጠብ ገባ። ራት አቀረብኩለት እንጂ አላጎረስኩትም። ንዴቴ እንዲገባው ፈልጌ ነው።

በማግስቱ እሱ እንደወጣ ሙሴ ጋ ደወልኩ። ሙሴ ጨዋ ሰው ነው፤ ውሸት ግን አይችልበትም።

«ሰማያዊዋ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እትዬ፣ እዚሁ ናት። አልተሸጠችም።»

«እና?»

«ጋሼ ትችለን እንደሆነ ልያት ብለው አንድ ጆንያ ሲሚንቶ አስጭነው ነዷት። አደባባዩ ጋ እንኳን ሳይደርሱ ወርደው እየገፉ ተመለሱ። ውሃ ሰጠኋቸው። ‹ለእሷ ተሸጠች በላት› አሉኝ። እባክዎን እኔ እንደነገርኩዎት አይንገሯቸው።»

ጆንያው ሃምሳ ኪሎ ነው። እኔ ከዚያ በላይ ነኝ።

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየመንገዱ «ጎማዋ ጎደለች» እያለ አውርዶኝ ሲነፋ፣ እኔ «ቀይራት እንጂ፣ ደንበኞቼ ቆመው እየጠበቁኝ ነው» እያልኩ ስነዘንዘው ነበር። ለካ ትንፋሹን ሊሰበስብ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ የምወቅሰው ጎማውን ነበር። አፈርኩ። ግን ማፈሬ ሱቄ አያደርሰኝ፣ እሱንም ወደ አርባ ዓመቱ አይመልሰው።

ማታ ጥቁሯን አጣጥፎ ከበሩ ኋላ አቆማት።

«ሙሴ ደወለ?» አልኩት።

«አልደወለም። ሰሞኑን ይደውላል።»

«ይደውላል» አልኩና አጎረስኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ማኘኩን ቀጠለ።

ጠዋት በመስኮት አየሁት። እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድም ጊዜ ጎማ ሊነፋ አልቆመም። የሱቄ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር።