ጭፈራ ነው ያልኳቸው እኔው ነኝ
ሦስት ዓመት ሙሉ ላፍቶ ያለ አንድ ጂም ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሴቶችን በሙዚቃ ሳሠራ፣ ማንም ወረቀት አምጪ ብሎኝ አያውቅም። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና በገባ በሳምንቱ ጠራኝ። ከፋሲካ በኋላ የዳንስ ስፖርት አሠልጣኝነት ሰርተፍኬት የሌለው ሰው አዳራሹ ውስጥ እንደማያሠራ በትሕትና ነገረኝ። ትሕትናው ራሱ አናደደኝ።

ምን አማራጭ አለኝ፣ ተመዘገብኩ። ሁለት ወር ጎፋ ያለ ማሠልጠኛ እየተመላለስኩ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ስለ ጡንቻና ስለ ልብ ምት ተማርኩ፤ ጉልበቴ እስኪንቋቋ ዘለልኩ። የቀረኝ የተግባር ፈተና ብቻ ነበር፦ ስምንት የራሴን ሠልጣኞች ይዤ ሄጄ ግማሽ ሰዓት በሙዚቃ ማሠራት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈበት ቅጽ ሰጡኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ቤት ገብቼ ወደኛ ስመልሰው ሁዳዴ መሀል! በየዓመቱ ቅበላ ላይ ክፍሉን የምዘጋው እኔ፣ ቀን ሳልቆጥር ፈረምኩ እላችኋለሁ። ለማስቀየር ስደውል የሚቀጥለው ዙር ክረምት ነው አሉኝ።

ሠልጣኞቼ አብዛኞቹ የመካኒሳ አቦ እናቶች ናቸው፤ ስኳር ያለባቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸው፣ ሐኪም ተንቀሳቀሱ ያላቸው። መጀመሪያ ስጠራቸው ስፖርት የወጣት ነው፣ በዚህ ዕድሜያችን መሳቂያ አታድርጊን እያሉ አሳሬን አብልተውኛል። በመጨረሻ ማን ስፖርት አላችሁ፣ ጭፈራ ነው፣ ሠርግ ላይ እንደምትጨፍሩት ነው ብዬ አታለልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

አሁን ደግሞ በየቤታቸው እየዞርኩ ስፖርት ነው ማለት ጀመርኩ። የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጤና ነው፣ ኃጢአት የለውም፤ ያላልኩት የለም። ሁለቱን ሙስሊሞች እንዳልለምን የእነሱም ጾም ገጥሟል። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ቅመም ነጋዴ እናት እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ጭፈራ ነው ያልሽን እኮ አንቺው ነሽ። በሁዳዴ እንዴት ብለን እንጨፍር?»

እነሱን እንዳልቆጣ እውነታቸውን ነው፤ በራሴ ተናድጄ እስከ ቤቴ ብቻዬን ስነጫነጭ ሄድኩ። እኔም እኮ ጿሚ ነኝ። ግን ከዚህ ሥራ በፊት አስተማሪ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እሱን ላጣ ነው።

በፈተናው ቀን ፈታኟን እግሯ ላይ ወድቄም ቢሆን ልለምን ብዬ ሄድኩ። በሩ ላይ የለመንኳቸው ስምንት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መምጣታቸው ነው። ቅመም ነጋዴዋ ክንዴን ይዘው ጥግ ወሰዱኝና ተመካክረው የደረሱበትን ነገሩኝ፦ ዝለሉ ያልሽንን እንዘላለን፣ ዘፈን ግን አትክፈቺ፤ ዘፈን ከሌለው ስፖርት ነው። ያለ ዘፈንማ ፈተናው ፈተና እንዳልሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እንደ ልጅ በጉጉት ያዩኛል። አልቻልኩም።

ገባን። አንድ፣ ሁለት እያልኩ በድምፄ ብቻ ግማሽ ሰዓት አሠራኋቸው፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። እነዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ግራና ቀኝ አልለይ ብለው ያቃጠሉኝ ሴቶች ያን ቀን አንድ እርምጃ አልተሳሳቱም።

ሲያልቅ ፈታኟ ብቻዬን አስቀረችኝና፣ ሙዚቃ ስለሌለ ግማሹን ነጥብ መስጠት እንደማትችል፣ ስለዚህ እንዳላለፍኩ ነገረችኝ። ማንም አልተሳሳተም እኮ አልኳት። አይታለች፣ አዝናለች፣ ግን ቅጹ ነው አለች። ያንን ቅጽ እፊቷ ብቦጫጭቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ስወጣ እናቶቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ጾም ላይ ናቸው፣ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ሲያዩኝ ሁሉም ተነሡ።

«አለፍሽ አይደል?» አሉ ቅመም ነጋዴዋ።

«አለፍኩ» አልኳቸው።

ተራ በተራ አገላብጠው ሳሙኝ። ይኸው፣ ስፖርት ነው አላልንሽም እያሉ ተሳሳቁ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት እዚያው አዳራሻችን እንገናኝ ብለው ቀጠሩኝ። እሺ አልኩ።