በእሸቴ ስም የተጫነው አውራ ጣቴ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህችን ከምላሴ ሥር ሳስቀራት ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ሚስቴም አታውቅም። እናንተ የምታነቡት፣ ማን እንደሆናችሁ ባላውቅም፣ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ናችሁ።

እኔ የእሸቴን ዕድል ሰረቅሁ። ተሳሳትኩ አልልም፤ ዘመኑ ነው አልልም። ሰረቅሁ።

እሸቴ የወግዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ እኔ ከመካነ ሰላም በላይ ካለው ደጋ ነኝ። ሁለታችንም ፖሊስ የሆንነው በእግራችን ነው። አውራጃው የሩጫ ቡድን ሲያቋቁም ሮጠ የተባለውን ሁሉ መለዮ አልብሶ ቀጠረ። ፊደል ታውቃላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። አምበሉ እኔ ነበርኩ። እግሬ ብረት ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ወደ አቀስታ በሚወስደው ዳገት፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ከኔ ቀድሞ ጫፍ የሚደርስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እሸቴ። እሸቴማ የወሎን ሰው ሁሉ ይቀድም ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ስማቸው በሬዲዮ ከሚጠራ ሯጮች ጋር ገጥሞ ሦስተኛ ወጥቷል። አሁንም ሳስበው ደረቴ ይነፋል።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ሰው በየመንገዱ ወደቀ። እኛ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖችን እናጅባለን፤ በተረፈን ሰዓት እንሮጣለን። አንድ ቀን መንገድ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌ በአጠገባቸው ስናልፍ፣ “እኛ መቆሚያ ጉልበት አጣን፣ እናንተ ለመሮጫ ተረፋችሁ!” አሉን። እሸቴ ቆመ። ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ቆሎ በመዳፋቸው አራግፎ፣ “አብሽሩ አባቴ፣ እኛም ብንቆም እንዳንወድቅ ፈርተን ነው የምንሮጥ” አላቸው። እኔ አልቆምኩም። ልምምዴ ይቋረጣል ብዬ።

ያን ጊዜ ፊደል የማያውቅ ሁሉ በአውራ ጣቱ ይፈርም ነበር። ስንዴ ስትቀበል ጣት፣ ዘይት ስትቀበል ጣት፣ የጫንከውን ስታስረክብ ጣት። ምን ላይ እንደምንጭን ማን ያውቃል? አውራ ጣታችን በቀለም እንደተነከረ ከረመ።

አብዮቱ ፈነዳና ሁሉ ይማር ተባለ። በዚያው ወራት ከደሴው ፖሊስ መምሪያ ደብዳቤ መጣ። የቢሮው ጸሐፊ አነበበልኝ። እሸቴ ደሴ ተዛውሮ ግማሽ ቀን እንዲሮጥ፣ ግማሽ ቀን እንዲማር፣ ትምህርቱ ሲገፋ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ሆኖ ጤና ጣቢያ እንዲቀጠር ተፈቅዶለታል። ሯጭ እግሩ ሲደክም የሚይዘው ሙያ ያስፈልገዋል የሚል ቃልም ነበረበት። ከተስማማ ከላይ፣ ካልተስማማ ከታች ጣቱን ይጫን። ጸሐፊው ሁለቱን ቦታ በጣቱ አሳየኝና፣ “ለሰውየው ንገረውና አስፈርመህ መልስልኝ” ብሎ ሰጠኝ።

እሸቴ ያን ሳምንት እህል አጅቦ ማሻ ሄዷል። እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? መጠበቅ ብቻ። ምን አደረግሁ? የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል። እሸቴ ከተዛወረ የሚሮጠው ለደሴ ነው፤ ዋንጫውም የደሴ ነው። እኔ ደግሞ ዋንጫ አምሮኛል። ለራሴም፣ ደብተር የያዘ ሯጭ ይሰንፋል አልኩ። ደግሞም፣ እኔ አምበሉ ሳልማር እሱ ለምን ይማራል አልኩ። እውነቷ ይህች የመጨረሻዋ ናት። አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ከታች ጫንኩ። አጥብቄ ጫንኩ። ጸሐፊው ጣት መኖሩን አየ እንጂ የማን ጣት እንደሆነ አልጠየቀም። ማኅተም መትቶ ላከው።

ዋንጫውን በላን። ደሴ ላይ፣ በገዛ ሜዳቸው፣ እሸቴ አንደኛ፣ እኔ አራተኛ። በቆሎና በምንጭ ውኃ የሮጥን የመካነ ሰላም ልጆች፣ ጫማ በየዓይነቱ የሚቀያይሩትን ከኋላችን ጥለን! ዋንጫውን ከራሴ በላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ትኮራለህ ወይ ብትሉኝ፣ እኮራለሁ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ያለ ሌብነቴ ያ ዋንጫ አይኖርም፤ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ይህን ኩራት ከውስጤ የሚያወጣ ጸበል አላገኘሁም።

በዓመቱ እሸቴ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጉልበቱ ሄደ። ወጌሻ አሸው፤ አልሆነም። ለእግሩ የተቀጠረ ሰው እግሩ ሲሄድ ምን ቀረው? መለዮህን አስረክብ ተባለ። ለሯጮች ትምህርት ተፈቅዶ ነበር የሚል ወሬ የሰማው ያን ጊዜ ነው። “ና አብረን እንግባ፣ አምበሌ አይደለህም እንዴ?” ብሎ እኔኑ ይዞ ቢሮ ገባ። ጸሐፊው ፋይሉን አገላብጦ፣ “አንተ እኮ አልፈልግም ብለህ ፈርመሃል” አለው። እሸቴ ወረቀቱ ላይ የደረቀውን ጣት አየ፤ የራሱን አውራ ጣት አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሳቀ።

“ስንዴ መስሎኝ ይሆናላ!” አለ። “ስንቱ ላይ ስጭን ከረምኩ ወላሂ! ዔሳው እንኳ ብኩርናውን ሸጦ ምስሩን በልቷል፤ እኔ ስንዴውንም አላየሁት!”

ጸሐፊው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ! የኔ ጣት ነው ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? የሰውን ዕድል መስረቅ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ሌባው ራሴ ነኝ ብሎ ዕድሜ ልኩን የገዛ እጁን እንዲጠረጥር መተው ግን ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

እሸቴ እያነከሰ ወግዲ ገብቶ አረሰ። እኔስ? የመሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ የልጆች አባት ሆኜ፣ ከሚስቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ቀጥዬ ማታ ማታ ተማርኩ፣ ምስክር ወረቀት ያዝኩ፣ በዚያው የስፖርት ኃላፊ ሆንኩ። እሱን የከለከልኩት ፊደል እኔን አበላኝ። ያኔ ደንብ አወጣሁ፤ የትምህርት ቤት ካርዱን ያላሳየኝ እኔ ሜዳ ላይ አይሮጥም። “ሰውዬ፣ ሯጭ ነው ወይስ ቄስ የምታወጣው?” እያሉ ወላጆች ተሳለቁብኝ። ይሳለቁ! ከኔ እጅ የወጣ ሯጭ እግሩ ሲደክም ሜዳ ላይ አልቀረም። አስተማሪ አለ፣ የመሬት ቀያሽ አለ፣ ነርስ አለች። በዚህም እኮራለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም።

ነርሷ የእሸቴ ልጅ ናት። ለሁለተኛ ደረጃ መካነ ሰላም መጥታ እኔ ዘንድ የሮጠች።

አምና ጡረታ ስወጣ ሯጮቼ ተሰብስበው ጋቢ አለበሱኝ። እሸቴ በምርኩዝ ተነሣና፣ “እኔ በስንዴ የሸጥኩትን ይህ ሰው ለልጄ መለሰላት” አለ። መጥቶም ጉንጬን ሳመኝ። እኔ ምን አልኩ? “አብሽር፣ ወንድሜ አይደለህ?” አልኩ። ሰዉ አጨበጨበ።

ልጅቱ የአባቷ ካሳ ናት ብዬ ራሴን ልደልል ሞክሬአለሁ። አይደለችም። በገዛ ጭንቅላቷ ተማረች። የሷ የሷ ነው፤ የሱ ግን አልተመለሰም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተን አልሰረቅሁም። እዚህ ድረስ ጽፌ እስክሪብቶዬን ሳስቀምጥ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ ተናዘዝኩ ብዬ። ወዲያው ታወሰኝ፤ እሸቴ ማንበብ አይችልም። እንዲህ በወረቀት መናዘዜ፣ እኔው ከዘጋሁት በር ጀርባ ሆኖ እንደማውራት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ወግዲ እሄዳለሁ። ልጁ ታንብብለት ብዬ አልልክም። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል በገዛ አፌ አነብለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቢረግመኝም፣ በምርኩዙ ቢለኝም የሱ ፈንታ ነው። እሱ ተናግሮ እስኪያበቃ ከተቀመጥኩበት አልነሣም።