ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥጉ ላይ የቆመው ኮን

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ልጅ ከድሮ ቪዲዮዎቼ ሥር፣ «ከሰባተኛው ቪዲዮ ጀምሮ በመኪናሽ መስታወት የሚታየው ብርቱካናማ የትራፊክ ኮን ምንድን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። እንዲህ የሚቆጥር ሰው የኔው ቢጤ ነው ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ከኦሮራ ወደ ዴንቨር መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ እየነዳሁ ለአባባ ምሳ አደርሳለሁ። እሱ የፓርኪንግ ጋራዥ በር ላይ ይሠራ ነበር። «ቤት ጫጫታ ነው፣ እዚህ ላጥና» እለውና ከነመኪናዬ የጋራዡ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። የማጠናው ነገር ግን አልነበረም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እጆቼን ብቻ እየቀረፅኩ፣ ድምፄን በኮምፒውተር እያወፈርኩ፣ በአማርኛ አወራ ነበር፤ ኦቲዝም እንዳለብኝ፣ ሴት ልጅ እንደማፈቅር፣ ሁለቱም በጸበል የሚለቁ እንዳልሆኑ። ከቤታችን ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ወሩ የጾም ነው፤ በረዶው መንገዱ ዳር ጠቁሯል። ምስር ወጡን ይዤ ስደርስ የአባባ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ተስፋይ፣ አማርኛ ተምረው ያደጉ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ስልካቸውን ከፍተዋል። ከስልኩ የሚወጣው ያ የወፈረ ድምፄ ነው።

«የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ላይ ፖስት አድርገዋት ነው» አሉት አባባን። «የማን ልጅ እንደሆነች እየፈለጉ ነው። ስማ እስቲ ገብሬ፣ ከኋላ የምትጮኸው የኛ በር አይደለችም?»

ስሜ ከታወቀ አባባ ከሰው ፊት መቆም አይችልም፣ እኔም ቤት አይኖረኝም ብዬ ነበር የማምነው። በሩ ሲከፈት ሁለቴ ረዘም አድርጎ ይጮህና ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይታፈናል። ጋራዡ ባዶ ሲሆን እስከ ጣሪያ ይሰማል። ስንት ጊዜ ከቪዲዮው ቆርጬ ላውጣው ብዬ ስንፍናዬ አሸንፎኛል!

አባባ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ነው። አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።

«ዳውንታውን ያለ በር ሁሉ እንዲህ ነው የሚጮኸው» አለ።

ውሸት ነው። እንደዚያ የሚጮህ በር በከተማው እንደሌለ፣ ማታ ማታ ራሱን እንደሚያዞረው ሲያማርር የኖረው ራሱ ነው። አባባ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ተስፋይ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ስልካቸውንም ኪሳቸው ከተቱ። «ልክ ነህ፤ ሁሉም አንድ ነው» ብለው ወደ መኪኖቹ ሄዱ።

አባባ የምስሩን ክዳን እየከፈተ፣ «ላይ ነፋሱ ድምፅ ይበላል። ሦስተኛ ፎቅ ጥጉ ጋ ፓርክ አድርጊ» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከፍርሃት ይሁን ከእፎይታ እስካሁን አላውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥጉ ላይ ኮን ቆሞ አገኘሁ። ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ በኋላም ኮኑ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ስለዚያ ነገር ዛሬም አናወራም። አንዳንዴ ያናድደኛል፤ አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? አሁን ጡረታ የወጣውን አባቴን ትናንት ልጠይቅ ሄጄ የልጅቷን ጥያቄ አነበብኩለት። ሻዩን ፉት አለና፣

«ሰው ቦታሽን እንዳይቀድምሽ ነዋ» አለኝ።

ለልጅቷም እንዳለ ጻፍኩላት።