የእናቴ ያልሆነው አውራ ጣት

በዚያ እሑድ ከሰዓት ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር ባለው ቤታችን የነበርነው አምስት ነን። በሩ አጠገብ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አውቶቡስ ነጂ፤ ከጎኑ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች የምትጠብቀው ሚስቱ፤ መስኮቱ ሥር እናቴ፤ ምንጣፉ ላይ ስልኳን ይዛ ታናሽ እህቴ፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ እኔ።

ነገሩ ወሎ ያለ የአያቴ ድርሻ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ካለው ማሳቸው ሥር ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ሲገኝ አያቴ የቆፋሪዎች ማኅበር አባል ሆኑ። ሲያርፉ ድርሻቸው ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለእናቴና ለአጎቴ፣ ማለፍ ነበረበት። አሁን ማኅበሩ ፈቃዱን ሲያሳድስ፣ ድርሻው ከማን ወደ ማን እንዳለፈ በሰነድ አሳዩ አለ። አጎቴ የአገር ቤቱን ወረቀት በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ፤ አንብቤ ለማኅበሩ የሚላከውን ማስረጃ እንድጽፍለት። አማርኛ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ የድሮ ጸሐፊዎችን የእጅ ጽሑፍ የለመድኩት ከዚያው ፌስታል ካወጣኋቸው የግብር ደረሰኞች ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«የኔ ጠበቃ፣ ዛሬም አላለቀም?» አለ አጎቴ። «ይኼኔ ድንጋዩን ራሴ ቆፍሬ አወጣው ነበር።»

«አንድ ወረቀት ቀርቶኛል» አልኩትና አነበብኩላቸው። የሟች ሴት ልጅ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ ድርሻዋን ለወንድሟ በፈቃዷ ለቃለች ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

እናቴ ስሟን ትጽፋለች። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ የሚልክላትን ሁሉ የምትፈርመው ራሷ ናት። ወረቀቱ የተጻፈበትን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለስኩት፤ ሁለት ጊዜ። እህቴ እዚሁ ኦስሎ የተወለደችበት ሳምንት ነው። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከሆስፒታል ሲመጡ ብርድ ልብሷን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«እኔ ስወለድ?» አለች እህቴ ቀና ብላ። «እማ በዙም ነው እንዴ ጣቷን የላከችው?»

የአጎቴ ሚስት ቀኝ እጇን ሻርፗ ሥር ከተተች። ያኔ እሷና አጎቴ አገር ቤት ነበሩ። በኋላ ኦስሎ ሲመጡ ዓመት ሙሉ የኖሩት እኛ ሳሎን ውስጥ ነው።

«ወላሂ፣ ወጉ ነው» አለ አጎቴ። «እህት ለወንድሟ ትተዋለች። ጣት ይፈለግ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሩቅ ነበርሽ።»

«ደውለህ ብትጠይቀኝስ?» አለች እናቴ።

«እምቢ ብትይኝስ?»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ይህ ሰነድ ሐሰት ነው፣ የእናቴ ድርሻ አሁንም የእሷ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

«እንዳለ ጻፈው» አለችኝ እናቴ። «ወንድሜ ነው። ሰው ፊት አታዋርደው።»

ጻፍኩት። «በፈቃዷ ለቃለች» የሚለውን ቃል በቃል፣ አንድ ነጥብ ሳልስት። አጎቴ እናቴን የከዳት ያኔ ነው፤ እኔን ግን በዚያ እሑድ የከዳችኝ እሷ ናት። ሦስት ሳምንት በዚያ ሁሉ ወረቀት መሐል ስፈልግ የነበረው የእሷን ስም ነበር።

እዚያ የነበራችሁ አራታችሁ፣ እኔ ሳላይ የቀረሁትን ሙሉልኝ። አጎቴ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ምን አለ? ከሁሉ በላይ ግን፣ እናቴ «እንዳለ ጻፈው» ስትል ወደ ማን ነበር የምታየው? እኔ የማየው ወረቀቱን ነበር።